ግማሽ ቀን በጅቡቲ ከተማ

ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ገበሬዎች ጆንያውን ታውቁታላችሁ። ከማኅበሩ መጋዘን ተረክባችሁ በአህያ ጭናችሁ ወደ ቤት ትወስዱታላችሁ። ጆንያው ወደ መጋዘኑ ከመምጣቱ በፊት የት ነበረ? መልሱ ባሕር ዳር ነው። እኛም ይህን ለማየት ወደ ጅቡቲ ሄድን።

ጅቡቲ ከአገራችን በስተምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ዋና ከተማዋም ጅቡቲ ትባላለች። ከአገሪቱ ሕዝብ የሚበዛው የሚኖረው በዚህች ከተማ ነው። ሕዝቡ ሶማሊኛና አፋርኛ ይናገራል። ለጽሕፈት ቤት ሥራ ደግሞ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ያገለግላሉ።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ አልቀረላትም። ሆኖም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ዕቃ በአሰብ በኩል ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት ተነሣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ከሚመጣልን ዕቃ ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ ያልፋል። ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ብረቱ፣ መድኃኒቱ፣ ማዳበሪያው፣ ሁሉም።

እኛ 3 ነበርን። ከተማዋን ስለማናውቅ መኪና ያለው አስጎብኚ ተከራየን። ሌላ ሰው ሳይደባለቅ ለእኛ ብቻ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል። ዋጋውን መኪናው ውስጥ ሳንገባ ጨረስን። በሰው አገር ዋጋ አስቀድሞ መቁረጥ ጥሩ ነው።

አስጎብኚያችን ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የተወለዱት ጅቡቲ ነው፤ በልጅነታቸው ግን ድሬዳዋ አጎታቸው ዘንድ አድገዋል። አማርኛቸው እንደ ውኃ ይፈሳል። በጉልምስናቸው የወደብ ወዛደር ነበሩ። «ጋሼ፣ እርስዎ...» ብለን ስንጀምር ሳቁብን። «ባካችሁ አንተ በሉኝ። ድሬዳዋ አንቱ የሚባል ነገር የለም!» አሉ። እኛም ስናነጋግራቸው አንተ አልን። በጽሑፍ ግን አክብረን እንጠራቸዋለን።

ጉዞው በጠዋት የተጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅቡቲ ሞቃት ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዝናብ የሚባል ነገር በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ይጥላል። እኛ የሄድነው በኅዳር ነበር። ያኔ አየሩ ይሻላል፤ ቢሆንም ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሸሚዛችን ከጀርባችን ተጣበቀ።

መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ባሕሩ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። ቆመና ዝም አለ። ከዚያ፣ «ማዶው የት አለ?» አለ። ጋሼ፣ «ማዶ አለው፤ ኋላ አሳያችኋለሁ» አሉ።

ከተማዋ የተሠራችው ወደ ባሕር ዘልቆ በገባ መሬት ላይ ነው። በሦስት ወገን ውኃ ይከባታል። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የሰፈሩት ኦቦክ በምትባል ስፍራ ነበር። ኦቦክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት። በ1880 ዓ.ም. ግድም ግን ወደዚህ ተሻገሩና ከተማ ቆረቆሩ። ለምን? እዚህ መርከብ ከነፋስና ከማዕበል ተጠልሎ ሊቆም ይችላል። ደግሞም ከዚህ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚያስኬድ መንገድ ነበረ። ወደብ ማለት ባሕር ያለበት ቦታ ሁሉ አይደለም። ውኃው ጥልቅ መሆን አለበት። ትልቅ ዕቃ የጫነ መርከብ ሆዱ ወደ ውኃው ብዙ ሜትር ይገባል። ጥልቀቱ ካነሰ መሬት ይነክሰዋል።

በአሮጌው ወደብ አጠገብ ትንንሽ ጀልባዎች ይቆማሉ። ዓሣ አጥማጆች ሌሊት የያዙትን ያወርዳሉ። ውኃው ያን ጊዜ ሸሽቶ ነበርና ጭቃው ተገልጦ ይታያል። የባሕር ውኃ በየቀኑ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ተመልሶ ይሸሻል። ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወፎች ይሰማራሉ። እግራቸው ረጅም፣ ላባቸው ሮዝ የሆነውን አወቅናቸው። በአብያታ ሐይቅ ያየናቸው ፍላሚንጎዎች ናቸው። እነሱ ፓስፖርት አይጠየቁም ብለን ተሳሳቅን።

ከዚያ ወደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ሄድን። ዛሬ ባቡር አይገባበትም። ጋሼ ግን መኪናቸውን አቁመው ወረዱ፤ ብዙ ቆዩም። ይህ የባቡር ሐዲድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዶማና በአካፋ ተቆፍሮ፣ በበረሃ ስንት ሰው ደክሞበት ነው የተሠራው።

«በዚህ በር ነበር የምንወርደው» አሉ ጋሼ። «እናቴ ከድሬ ቲማቲምና ሎሚ በቅርጫት ይዛ ትመጣ ነበር። ባቡሩ ገና ሲያፏጭ ገዢው ይሰለፋል። ሰዓቱን የሚያከብር ባቡር አልነበረም። ግን ይመጣ ነበር።»

አሁን ያለው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነጋድ በሚባል ስፍራ ይገኛል። ፈጣን ነው፤ ንጹሕም ነው። ጋሼ ግን ብዙም አልወደዱትም። «እንደ ድሮው በየመንደሩ አይቆምም። በመስኮት እንቁላል የሚሸጥልህ የለም» አሉ።

መሐል ከተማውን ፈጠን ብለን አየነው። አንድ አደባባይ አለ። ሰው ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ሕጋዊ ስሙ ግን በነጻነት ቀናቸው የተሰየመ ነው። ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ነጫጭ ናቸው። ከፊታቸው ቅስት ያለው ሰፊ ሰገነት አላቸው። ሰው ፀሐይ ሳይነካው ከሱቅ ወደ ሱቅ እንዲሄድ ነው። ትንሽ አለፍ ሲሉ ሐሙዲ መስጊድ ይገኛል። በ1898 ዓ.ም. የተሠራ ነው። አንድ ሚናራ ብቻ አለው። በዙሪያው ገበያው ይጀምራል።

ገበያው ውስጥ እንግዳ ነገር አገኘን ለማለት አንችልም። ሽንኩርቱ ከሐረርጌ ነው። ድንቹ ከሐረርጌ ነው። ቲማቲሙም ከእኛው አገር ነው። በዚህ ከተማ ዙሪያ የሚታረስ መሬት የለም። ድንጋይና አሸዋ ነው። ሻጭዋን፣ «እናት፣ ይህ ሽንኩርት መቼ ደረሰ?» አልናት። በአማርኛ መለሰች። «ትናንት ማታ። መንገዱ ቢዘጋ ነገ ሽንኩርት የለም» አለች። የምትጠጣውንም ውኃ ጠየቅናት። በጀሪካን የያዘችውን አሳየችን።

ስለ ውኃው ጋሼ መኪና ውስጥ አስረዱን። የከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ጨው እየበዛበት ሄዶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ግድም ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከከርሠ ምድር የሚወጣ ውኃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ተዘረጋ። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይመጣላቸዋል። እኛ ወደባቸውን እንፈልጋለን። እነሱ ውኃችንን፣ መብራታችንንና ሽንኩርታችንን ይፈልጋሉ። ሁለቱ አገሮች አንዱ የሌላውን በር ይዟል ማለት ነው።

ከመሐል ከተማ ወጥተን ባልባላ የሚባለውን ሰፈር አለፍን። ሰፊ ሰፈር ነው። ቤቶቹ በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። በፈረንሳዮች ዘመን፣ በ1959 ዓ.ም. ግድም፣ ከተማዋ በሽቦ ታጥራ ነበር። ፈቃድ የሌለው አይገባም። ከሽቦው ውጪ የቀረው ሰው እዚያው ጎጆውን ቀለሰ። ባልባላ እንዲህ አደገ። ሽቦው ዛሬ የለም።

ቀጥሎ የደረስነው ፒኬ 12 ነው። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ ነው እንዲህ የተባለው። ይህን ስፍራ የኢትዮጵያ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። ተሳቢ ያላቸው መኪናዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። ታርጋቸው የእኛ ነው። ሽሮና እንጀራ ይሸጣል። የአማርኛ ዘፈን ይሰማል። ለአፍታ ከአገራችን ያልወጣን መሰለን።

አንድ ሾፌር በመኪናው ጥላ ሥር ሻይ አፍልቶ ጋበዘን። ሰሊጥ ይዞ ወርዷል፤ ማዳበሪያ ይዞ ሊመለስ ተራ ይጠብቃል። 3 ቀን ሆኖታል። «መንዳቱ ምንም አይደል። መጠበቁ ነው የሚገድል» አለ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አብዛኛው በረሃ ነው። ጎማ ይፈነዳል፤ ሞተር ይግላል። ሾፌሩ የ2 ልጆች አባት ነው። የታናሹን የመጀመሪያ እርምጃ በስልክ ነው ያየው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ደብተር ያላችሁ አውጡ። አንድ ትልቅ መርከብ 50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ ሊጭን ይችላል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ መርከቡ የያዘው 500 ሺህ ኩንታል ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። 500 ሺህን ለ400 ብናካፍል 1,250 ይሆናል። አንድ መርከብ ለማራገፍ 1,250 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው! የተወሰነውን ባቡር ያነሣል። ቢሆንም መኪናው ከጎደለ መርከቡ ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሼ ወደ ዶራሌ ወሰዱን። አዲሶቹ ወደቦች እዚያ ናቸው። የኮንቴይነሩ ወደብ በ2001 ዓ.ም.፣ የልዩ ልዩ ዕቃው ወደብ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ኮንቴይነር ማለት ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ ትንሹ እንኳ 6 ሜትር ይረዝማል። ያለ ፈቃድ ግቢው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። እኛም ከውጭ ሆነን አየን። ክሬኖቹ አንገታቸውን እንዳነሡ ቀጭኔዎች ቆመዋል። ራቅ ብሎ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ተራ ይጠብቃሉ። 5 ቆጠርን።

ጋሼ ስለ ሥራው የነገሩን ይህ ነው። ማዳበሪያው በመርከብ ሲመጣ በጆንያ አይደለም። እንደ አውድማ እህል በመርከቡ ሆድ ውስጥ ተቆልሎ ይመጣል። ክሬኑ በትልቅ የብረት መዳፍ እየዘገነ ያወጣዋል። ከታች ወደሚጠበው ሣጥን ይገለብጠዋል። ከሣጥኑ በታች ሰዎች ጆንያ ይዘው ይቆማሉ። ጆንያው ይሞላል፣ ይመዘናል፣ አፉ በመኪና ይሰፋል፣ ወደ ካሚዮን ይጫናል። ይህ ሁሉ በዚያ ሙቀት ነው።

«ዩሪያ ከላብ ጋር አይስማማም» አሉ። «አንገትህ ላይ ሲበን ያቃጥላል። ፎጣ እናስር ነበር። ሌሊት እንመርጣለን፤ ቀን ብረቱ አይነካም።» ደግሞም ማዳበሪያው የባሕሩን እርጥበት ይስባል፤ ቶሎ ካልታሰረ ይጓጉላል። ጆንያ ስትፈቱ የጓጎለ ካገኛችሁ እርጥበት ነክቶታል ማለት ነው። በባሕር ላይ ሊሆን ይችላል። በእኛው መጋዘን መሬት ላይ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ከሥሩ እንጨት ቢረበረብለት ይሻለዋል።

መርከቡ ከተወሰነለት ቀን በላይ ሲቆም ቅጣት ይታሰባል። ቅጣቱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ያ ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ከሕዝቡ ኪስ ይወጣል። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ቀኑ ነው። ሰኔ አይጠብቅም። ዳፑ ከዘር ጋር መግባት አለበት። ዩሪያው ቡቃያው ከፍ ሲል መበተን አለበት። ጆንያው በነሐሴ መጨረሻ ቢመጣ ለገበሬው ምን ይረባዋል? በመንደራችን ማዳበሪያ ዘገየ ሲባል ሁሉም ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይጮኻል። መጮኹ ልክ ነው። ግን መዘግየቱ የተጀመረው ከግዢው ቀን፣ ወይም ከዚህ ከባሕሩ፣ ወይም ከፒኬ 12 ሊሆን ይችላል።

ይህንኑ ስንነጋገር ከመንገዱ ዳር 4 ልጆች አየን። በድንጋይ ክምር ጥላ ተቀምጠዋል። ትልቁ 18 ዓመት አይሞላውም። ነጠላ ጫማቸው ተበጥሶ በገመድ ታስሯል። ጋሼ መኪናውን አቆሙ። ምንም ሳይናገሩ የውኃ ጠርሙሶች ከኋላ አውጥተው ሰጧቸው። በኋላ እንደገባን ጠርሙሶቹን ሁልጊዜ ለዚሁ ይይዛሉ።

ልጆቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ሁለቱ ከወሎ፣ ሁለቱ ከአርሲ። መንገድ ላይ ነው የተዋወቁት። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንሄዳለን አሉ። «በምን?» አልን። «በጀልባ።» «ማን ነው የሚያሻግራችሁ?» ትንሹ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ላዩ ላይ የስልክ ቁጥር ተጽፏል። ስም የለበትም። ቁጥሩን የሰጠው ደላላ ማን እንደሚባል ጠየቅነው። አላወቀውም። አባቱ በሬ ሸጦ ነው ገንዘቡን የከፈለው። ቀበሌውን ነገረንና ወዲያው ደነገጠ። «እንዳትጽፉት» አለ። «እናቴ ደርሷል ብላ ነው የምታስበው።» አልጻፍነውም።

እንዳይሄዱ ለመንናቸው። ጋሼም በቁጣም በልመናም ተናገሩ። አንደኛው መሬት መሬት እያየ፣ «ተመልሼ ምን ይዤ ልግባ?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ውኃውን ይዘው ሄዱ።

ጋሼ ያኔ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰዱንና በጣታቸው ወደ ሰሜን አመለከቱ። ከውኃው ማዶ ተራሮች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። «ማዶው የት ነው ያላችሁኝ፣ ይኸውላችሁ። ከዚያ ወደ ቀኝ ኦቦክ ነው» አሉ። ልጆቹ ወደዚያ ለመድረስ ባሕረ ሰላጤውን በእግር ይዞራሉ። መንገዱ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ የጨው ሐይቅ ነው። ውኃው አይጠጣም፤ ጥላም የለም። በመንገድ የሚወድቅ አለ።

ከኦቦክ አካባቢ በሌሊት በጀልባ ይጫናሉ። ከወዲያ ያለችው የመን ናት። ባሕሩ በጣም በጠበበበት ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅርብ ይመስላል። ጀልባው ግን ከሚችለው በላይ ይጫናል። በጥር 2011 ዓ.ም. 2 ጀልባዎች ከኦቦክ አጠገብ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 2 ጀልባዎች ሰጠሙ። በሁለቱም ከ50 በላይ ሰው አለቀ። እነዚህኞቹ የሚሄዱ አልነበሩም። የመን ጦርነት ውስጥ ስለነበረችና ኑሮው ስላልሆነላቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የነበሩ ናቸው። አገራቸው ሊደርሱ ሲሉ ሰጠሙ። ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ጣቢያ ከፍቶ መመለስ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎችን መልሷል። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ያንን በረሃ ማለፍ ይጠይቃል።

ወደ ከተማ ስንመለስ 6 ሰዓት ሊሆን ነበር። መንገዱ በድንገት ሕይወት ዘራ። መኪናዎች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ሰው ይሮጣል። ጫት ደርሷል። ጫቱም ከእኛው አገር ነው፤ በየቀኑ ይመጣል። ሴቶች በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው በየመንገዱ ዳር ይሸጣሉ። ከዚያ በኋላ ሱቆች ይዘጋሉ። ከተማው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይተኛል። ሙቀቱን ላየ ሰው አይፈረድባቸውም። ጫቱ ግን የስንት ቤት የምሳ ገንዘብ እንደሚበላ ጋሼ ራሳቸው እየገዙ ነገሩን!

ወደ ጅቡቲ መሄድ የምትፈልጉ ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ ያዙ። ባቡሩን ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ማግኘት ይቻላል። ገንዘባቸው ፍራንክ ይባላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጽሕፈት ቤቶች ዝግ ናቸው። ውኃ ከእጃችሁ አይለይ፤ አንድ ጠርሙስ ትርፍ ያዙ።